ከአመድ ውስጥ የሚፈለግ ማስረጃ፦ የእሳት መንስኤ በፎረንሲክ ላቦራቶሪ እንዴት ይጣራል?

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም ምሽት በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው የእሳት አደጋ በርካታ ነጋዴዎችን ለጉዳት መዳረጉ ይታወሳል። እንዲህ ያለ አደጋ በደረሰ ቁጥር «እሳቱን ምን አስነሳው?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ሆን ብሎ እሳት መለኮስና በቸልተኝነት ማስነሳት በሕግ ፊት እኩል አይመዘኑም። በመሆኑም መልሱ በአሉባልታ ሳይሆን በማስረጃ ላይ መቆም ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ1910 በሊዮን ከተማ የፖሊስ ላቦራቶሪ ያቋቋሙት ፈረንሳዊው ኤድሞን ሎካር፣ ሁለት ነገሮች በተነካኩ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ ምልክት እንደሚተው አስተምረዋል። ይህ መርሕ ለእሳት ምርመራም ይሠራል። ቤንዚን ወይም ነጭ ጋዝ ሲፈስ ሁሉም ነዶ አያልቅም፤ ጥቂቱ በወለል ስንጥቅ፣ በእንጨት፣ በአፈርና በታጠፈ ጨርቅ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል። በውኃ ስለማይሟሟም እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውኃ ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም።

መርማሪዎች ናሙናውን አየር በማያስወጣ ንጹሕ የብረት ጣሳ ያሽጋሉ። ተራ ፌስታል ተኑን ስለሚያሳልፍ ለዚህ አያገለግልም። በላቦራቶሪ ውስጥ ጣሳው እንዲሞቅ ይደረግና የሚወጣው ተን በከሰል ቁራጭ ይመጠጣል። ከዚያም ጋዝ ክሮማቶግራፊ የተባለው መሣሪያ ድብልቁን ይለያየዋል፤ ማስ ስፔክትሮሜትር ደግሞ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር ማንነት ያሳያል።

የጨርቃ ጨርቅ ገበያ ሲቃጠል ግን ሥራው ይከብዳል። ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ፕላስቲክና ስፖንጅ ሲነዱ ከነዳጅ ጋር የሚመሳሰሉ ውህዶችን ያወጣሉ። ስለዚህ ነዳጅ ካልነካው ተመሳሳይ ዕቃ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ናሙና ይወሰዳል። ነዳጅ መገኘቱም ብቻውን ወንጀል አያረጋግጥም፤ በሱቁ ውስጥ ቀድሞ የነበረ የምድጃ ጋዝ ሊሆን ይችላል። በመዳብ ሽቦ ላይ የሚታይ የቀለጠ እንክብልም እንዲሁ ነው፤ የኤሌክትሪክ ብልሽቱ እሳቱን አስነስቶት ይሁን ወይስ እሳቱ ሽቦውን አበላሽቶት፣ እንክብሉ ብቻውን አይናገርም።

የኢትዮጵያ ፌዴራል ፖሊስ የፎረንሲክ ምርመራ ክፍል አለው። ይሁን እንጂ የትኛውም ላቦራቶሪ ሊመረምር የሚችለው ከስፍራው የደረሰውን ብቻ ነው። ነጋዴው የተረፈ ንብረቱን ለማውጣት መጣደፉ የሚጠበቅ ነው፤ ነገር ግን ፍርስራሹ ናሙና ሳይወሰድበት ከተዛቀ የእሳቱ መነሻ ቦታ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ ጥፋተኛውን ለመለየትም ሆነ ያለ አግባብ የተጠረጠረውን ነጻ ለማውጣት የሚያስችለው ማስረጃ ዳግመኛ አይገኝም።