የሲንጀሯ ዕድሜ በቁጥሯ

ከጌዴኦዋ ዲላ ገበያ በረንዳዎች ተነስተው በይርጋጨፌና በኮቸሬ በኩል ወደ ሬኮ ቢዘልቁ፣ በእግር የምትሽከረከር ጥቁር ሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ብርቅ አትሆንብዎትም። ስለ ዕድሜዋ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ «የአያቴ ነበረች» ወይም «ከጣሊያን በፊት የመጣች ናት» ነው። ይህን አባባል የሚመዝነው ማስረጃ ግን ብረቷ ላይ የተመታው ተከታታይ ቁጥር ነው።

ቁጥሩ ያለው በመዘውሩ በኩል፣ ጨርቁ በሚዘረጋበት የብረት ወለል ቀኝ ጫፍ ላይ ነው። ዘይትና አቧራ ሸፍኖት ከሆነ በነጭ ጋዝ በረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ወርቃማው ጌጥ እንዳይላጥ ፈግፍገው አይሹት። ከዚያ ጠመኔ ቀባ ሲያደርጉበት አሃዞቹ ነጭ ሆነው ብቅ ይላሉ።

ሲንጀር እስከ 1900 እ.ኤ.አ. ድረስ ቁጥር ብቻ ይመታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከቁጥሩ ፊት የላቲን ፊደል ገባ፤ ፊደሉም ፋብሪካውንና ዘመኑን ያመለክታል። «ዋይ» ካለባት መኪናዋ የተሠራችው ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ ውስጥ፣ በ1920ዎቹና እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ነው። ቁጥሩ በ«ኢ» ጀምሮ ሌላ ፊደል ከተከተለው ከዚያ በኋላ የተሠራች ናት። የክላይድባንኩ ፋብሪካ በ1913 እ.ኤ.አ. ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና አምርቷል፤ የተዘጋው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው።

ቁጥሩን ከሲንጀር የምርት መዝገብ ጋር አስተያይተው ያገኙትን ዓመት ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ሰባት ወይም ስምንት ይቀንሱ። ጣሊያን የወረረን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ባለ «ዋይ»ዋ «ከጣሊያን በፊት» ከሚለው የቤተሰብ ወሬ ጋር ትስማማለች። በ1951 እ.ኤ.አ. አካባቢ የወጡት ደግሞ 1851–1951 የሚል የመቶኛ ዓመት ምልክት በነሐስ ጌጣቸው ላይ አላቸው።

ጥንቃቄ ግን ያሻል። ፋብሪካው ቁጥር የሚመድበው በጅምላ ስለነበር፣ መኪናዋ ተሠርታ ያለቀችው ከተመዘገበው ቀን ወራት ዘግይታ ሊሆን ይችላል። የነሐሱ ጌጥ ከሌላ መኪና ተነቅሎ ሊለጠፍም ይችላል፤ ስለዚህ ብረቱ ላይ የተመታው ቁጥር ይበልጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጃፓን፣ ኋላም ቻይና የሲንጀርን ሞዴል 15 አስመስለው ሠርተዋል፤ የእነዚያ ቁጥር በሲንጀር መዝገብ አይነበብም።

ከሁሉ በላይ ቁጥሩ የሚነግረን የተሠራችበትን ዘመን እንጂ ጌዴኦ የገባችበትን አይደለም። ማን ገዛት? በየትኛው የቡና ዓመት? ለማን ሙሽራ ሰፋች? ይህን የሚያውቁት አረጋውያን ናቸው፤ የልብስ ሰፊዎቻችንን ታሪክ በጽሑፍ ያኖረልን ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። እናም አሮጌዋ ሲንጀር በኪሎ ለቆራሌው ከመሸጧ በፊት ቁጥሯን በደብተር ይመዝግቡ፤ ከጎኑም የባለቤቷን ቃል ይጻፉ።