እሳትን የተጋፈጡ ሴቶች

በቀየትና በመላው የመንዝ ደጋ ቤት ከድንጋይ ተሠርቶ ጣራው በጓሳ ሣር ሲከደን የኖረ መሆኑ የታወቀ ነው። ጓሳው ውርጩንና ዝናሙን ይከለክላል፤ በበጋ ሲደርቅ ግን ከምድጃ የተነሣች አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች። እሪታው በተሰማ ጊዜ ወንዶች ጣራ ላይ ወጥተው ክዳኑን ይቦጭቃሉ፤ ሴቶችም እንስራቸውን አዝለው ወደ ምንጩ ይወርዳሉ፥ ዳገቱንም በሩጫ ይወጣሉ፤ ውሃው ያለቀ እንደ ሆነ አፈርና አመድ ያቀብላሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የሚወደሰው ግን ጣራ ላይ የወጣው ነው፤ ውሃ ያመላለሰችውን እሳት አጥፊ ብሎ የጠራት የለም። ስለዚህ ይህን ሥራ በስሙ የያዙትን የሩቅ አገር ሴቶች ታሪክ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ዓመታቱ የተቆጠሩት እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በቀደምትነት የሚነሡት ወይዘሮ ሞሊ ዊልያምስ ናቸው። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ ለአንድ ነጋዴ በባርነት ያደሩ ጥቁር ሴት ነበሩ፤ ጌታቸው ወይዘሮ ብሎ ባይጠራቸውም እኛ እንላቸዋለን። ነጋዴው ቁጥር 11 ከሚባለው የፈቃደኞች እሳት አጥፊ ማኅበር ጋራ ይሠራ ስለ ነበረ እሳቸውም በዚያው ያገለግሉ ነበር። እንደሚተረከው፥ በ1818 በብርዱ ወራት ታላቅ በረዶ ጥሎ ሳለ እሳት ተነሣ፤ ከወንዶቹ ብዙዎቹ ታመው ስለ ነበር የውሃ መርጫውን ሠረገላ የሚጎትት ሰው ታጣ። በዚያን ዘመን ሠረገላው የሚሳበው በሰው ጉልበት ነበርና፥ ወይዘሮ ሞሊ ቀሚሳቸውን እንደ ለበሱ፥ ሽርጣቸውንም እንዳሸረጡ ገመዱን ይዘው ከቀሩት ወንዶች ጋራ በጥልቁ በረዶ ውስጥ ጎተቱት።

ሊሊ ሂችኮክ ኮይት ግን የባለጸጋ ልጅ ነበረች። በ1858 በሳን ፍራንሲስኮ፥ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለች፥ ቁጥር 5 የተባለው ጭፍራ ሠረገላውን ዳገት ላይ መሳብ ተስኖት አይታ ገመዱን ያዘች፤ አላፊ አግዳሚውንም ለእርዳታ ጠራች። በ1863 የጭፍራው የክብር አባል ሆነች። በ1929 ከሞተች በኋላም ለከተማው ባወረሰችው ገንዘብ ረጅም ግንብ ተሠርቶ በ1933 ተፈጸመ፤ እስከ ዛሬም በስሟ ይጠራል። የወይዘሮ ሞሊስ ግንብ ወዴት ነው ያሉ እንደ ሆነ፥ ባሪያ የሚያወርሰው ገንዘብ የለውም።

በእንግሊዝ አገር የኬምብሪጅ ጊርተን ኮሌጅ ተማሪ ልጃገረዶች በ1878 የራሳቸውን የእሳት አጥፊ ጭፍራ አቋቁመው እስከ 1932 ድረስ አቆይተውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ለንደን በቦምብ ስትቃጠል ጂሊያን ታነር የተባሉ ወጣት፥ በሴፕቴምበር 20 ቀን 1940 ሌሊት፥ ወደ 680 ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን በከባድ መኪና ጭነው በሚነዱ ቤቶች መካከል እየነዱ ለውሃ መርጫዎቹ አደሉ። ንጉሥ ጊዮርጊስም በስማቸው የተሰየመውን ሜዳይ ሸለሟቸው። ቤንዚን ይዞ ወደ እሳት መሄድ ምን እንደ ሆነ ኩራዝ የሞላች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች።

በደመወዝ የተቀጠረች ሴት እሳት አጥፊ ለማየት ግን ብዙ ዘመን ወስዷል። በ1974 በቨርጂኒያ በአርሊንግተን የተቀጠሩት ጁዲት ሊቨርስ ሥራውን የወደዱት፥ እሳት አጥፊ የነበሩት ባላቸው ሲያጠኑ ሲረዱ ነው። በ1976 በእንግሊዝ እሳት አጥፊ የሆኑት ሜሪ ጆይ ላንግደንም በኋላ መነኰሱ።

ለፍርድ ቤት ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚጥመው የብሬንዳ በርክማን ክርክር ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ሴቶች ለእሳት አጥፊነት እንዲፈተኑ የፈቀደው በ1977 ነበር። ብዙዎች የጽሑፉን ፈተና ሲያልፉ የጉልበቱን ፈተና ያለፈች አንዲት እንኳ አልተገኘችም። በዚያን ጊዜ የሕግ ተማሪ የነበሩት ብሬንዳ ከተማውን ከሰሱ። ፈተናው ይቅለልልን ማለታቸው አልነበረም፤ ይህ ፈተና ሥራውን ይለካልን? ብለው ጠየቁ እንጂ። የማስረዳት ሸክም በከተማው ላይ ወደቀ፤ ከተማውም ማስረዳት አልቻለም። በ1982 ፍርዱ ለከሳሾቹ ሆነ፤ አዲስ ፈተና ወጥቶ 40 ያህል ሴቶች አልፈው ገቡ።

ፍርድ በር ይከፍታል፤ ማዕድ ግን አያቀርብም። ከባልንጀሮቻቸው ወንዶች ብዙዎቹ ከሴቶቹ ጋራ አብረው ለመብላት እንኳ አልፈለጉም፤ በ1983ም ብሬንዳንና አንዲት ባልንጀራቸውን አሠሪዎቻቸው ከሥራ አስወጧቸው። ጉዳዩ ወደዚያው ዳኛ ተመለሰ፤ ዳኛውም ሁለቱ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ አዘዘ። ብሬንዳ በርክማን ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ አገልግለው፥ በ2001 መንትዮቹ ሕንጻዎች በወደቁበት ቀንም ከሥራ ባልንጀሮቻቸው ጋራ በፍርስራሹ ዘንድ ውለው፥ በ2006 በካፒቴንነት ማዕረግ ጡረታ ወጡ።