ቧንቧው ጋዝ እንደያዘ ሲበየድ

የጎረቤታችን ልጅ የብየዳ (ሪቱኽ) ኮርስ ጀምሯል። ባለፈው ሳምንት ቂርያት ቫይዝማን አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ «ጋዝ የሚሄድበትን ቧንቧ ሳይዘጉ ይበይዱታል የሚባለው እውነት ነው? አይፈነዳም እንዴ?» አለኝ። እውነት ነው፤ የሚያሰጋው ግን አንተ የምታስበው ብቻ አይደለም እያልኩት አውቶቡሱ መጣ። ቀሪውን እዚህ ልጨርስለት።

ለምን አይዘጋም? የታማር የተፈጥሮ ጋዝ በ2013 አሽዶድ ደረሰ፤ ዛሬ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ አብዛኛው የሚመነጨው በጋዝ ነው። ለአንድ አዲስ ቅርንጫፍ ተብሎ ዋና መስመር ቢዘጋ በዚያ መስመር የሚኖሩት ማመንጫዎችና ፋብሪካዎች ይቆማሉ። ስለዚህ መገጣጠሚያው ቧንቧው ላይ ይበየዳል፣ ቫልቭ ይገጠምለታል፣ ከዚያ ቧንቧው በልዩ መሣሪያ ይበሳል። ውስጡ ኦክስጅን ስለሌለ ጋዙ እዚያው አይቀጣጠልም።

አንደኛው ስጋት የብየዳው ሙቀት ቧንቧውን እንዳይበሳው ነው። ብረቱ ሲግል ይለሰልሳል፣ ግፊቱ ደግሞ ከውስጥ ይገፋዋል። ውፍረቱ ከ6.4 ሚሊሜትር ካነሰ ስሌት ይሠራል፤ የውስጠኛው ገጽ ከ980 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እንዳያልፍ ይጠበቃል።

ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ብረቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። አያቶቻችን ጎንደር ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር (በዚሁ ሙያ ምክንያት ስንት ክፉ ስም እንደተለጠፈባቸው ሰምታችኋል)። የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ አንዳንዱ ግን እንደ ሸክላ ይሰበራል። በቧንቧው ውስጥ የሚሮጠው ጋዝ የሚሠራው የውሃውን ሥራ ነው። ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፣ በብየዳው ጠርዝ ያለው ብረትም ማርቴንሳይት ወደሚባለው ደረቅ ዓይነት ይለወጣል። ካርቦን የበዛባቸው አሮጌ ቧንቧዎች ይብሳሉ። እርጥበት የነካው ኤሌክትሮድ ሃይድሮጅን ከጨመረበት ደግሞ ያማረ የሚመስለው ብየዳ ከሰዓታት በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ወርክሾፕ ውስጥ ቢሆን መድኃኒቱ ይታወቃል፦ ወደ 600 ዲግሪ ማሞቅ፣ ለየ25 ሚሊሜትሩ ውፍረት አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ ቀስ አድርጎ ማቀዝቀዝ። ጋዝ የተሸከመ ቧንቧ ላይ ግን ይህ አስቸጋሪ ነው። የምትሰጠውን ሙቀት ጋዙ ይሰርቅሃል፤ ተሳክቶልህ 600 ብትደርስ እንኳ ብረቱ ግፊቱን የሚችልበት አቅሙ ይቀንሳል።

የጋዙን ፍጥነት እንቀንሰው? ያኔ ማቀዝቀዙ ይቀንስና የመበሳቱ ስጋት ይጨምራል። ሙቀት እንጨምር? ያው ነው። ሥራውን ከባድ የሚያደርገው ይኼ ነው፤ ከአንዱ ስትሸሽ ወደ ሌላው ትጠጋለህ። ለዚህም ነው አሠራሩ ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ቧንቧ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ ውሃ እየሮጠ፣ የሚሞከረው።

በያጁ የሚተማመነው በትንንሽ ነገሮች ነው። ሃይድሮጅን ያነሰበት ኤሌክትሮድ ይመርጣል፣ ከማድረቂያ ምድጃው የሚያወጣው ቶሎ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ነው። ከተቻለ ቧንቧውን ቀድሞ ያሞቃል። ቀጣዩን መስመር የሚደርበው ሙቀቱ የፊተኛውን ደረቅ ጠርዝ መልሶ እንዲያለሰልሰው አድርጎ ነው። ጥንካሬው ሲለካ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ350 ቪከርስ እንዳይበልጥ ነው፤ እንደ ብረቱና እንደ አሠራሩ ግን ወሰኑ ይለያያል።

የመጨረሻው ፍተሻም ወዲያው አይደረግም። ያ ዘግይቶ የሚመጣ ስንጥቅ ካለ ይታይ ተብሎ፣ ብዙ ጊዜ 24 ወይም 48 ሰዓት ይጠበቃል። አለቃው ቢቸኩልም፣ መኪናው ሞተሩ ተነስቶ ቢጠብቅም።