የእናት ዶሮ ምትክ፦ የጓሮ ዶሮ ቤት አሠራርና ጫጩትን ወደ ደጅ ማውጣት

የጓሮ ዶሮ ቤት ከእንጨት፣ ከቆርቆሮና ከሽቦ የተሠራ የእናት ዶሮ ምትክ ነው። ዶሮ እንቁላሏን 21 ቀን ታቅፋ ከፈለፈለች በኋላ ለሁለት ወር ያህል ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር እየሰበሰበች ታሞቃለች፣ መሬት እየጫረች ጥሬ መልቀም ታሳያለች፣ ጭልፊት ሲያንዣብብ ጮኻ ትጠራቸዋለች፣ በመጨረሻም ቆጥ ላይ ወጥቶ ማደርን አስለምዳ ትተዋቸዋለች። በመፈልፈያ መሣሪያ የተፈለፈለ ጫጩት ግን ይህን ሁሉ የሚያደርግለት ስለሌለ፣ አሳዳጊው እነዚህን አራት ሥራዎች ለይቶ ማወቅና ለእያንዳንዳቸው ተተኪ ማዘጋጀት ይኖርበታል፤ የቤቱ ስፋት፣ አቅጣጫና ከፍታ፣ ጫጩቱም ወደ ደጅ የሚወጣበት ቀን የሚወሰኑት ከዚሁ በመነሣት ነው።

ይህ ዕውቀት በምሥራቅ አዲስ አበባ የተለየ ፋይዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረው የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በዙሪያውም ያሉት የጎሮ፣ የሰሚት፣ የአያትና የቦሌ አራብሳ መንደሮች ያረፉት ቀድሞ ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረ ሜዳ ላይ ሲሆን፣ ዛሬ በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው እንቁላልን በገንዘብ የሚገዛ ከተሜ ነው። የወተት፣ የእንቁላልና የዶሮ ሥጋ፣ የማርና የዓሣ ምርትን ለማሳደግ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር የከተማ ነዋሪውንም ወደ ዶሮ እርባታ ስለጋበዘ፣ በጠባብ ግቢ ጥግ ላይ የዶሮ ቤት መሥራት የብዙዎች ጥያቄ ሆኗል። ሆኖም አካባቢው ሁለት ጠባዮች አሉት፤ አንደኛው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ በመሆኑ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ እጅግ የሚቀዘቅዝ መሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ አፈሩ በአብዛኛው ዋልካ፣ ማለትም ሲረጥብ የሚያብጥና ሲደርቅ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር መሆኑ ነው። ለቆላ ወይም ለቀይ አፈር የተነደፈ ዶሮ ቤት እንዳለ ቢገለበጥ ለዚህ ስፍራ የማይስማማው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

የእናት ምትክ ጉዳይ ጎልቶ የወጣው የዶሮው ዘር ከተለወጠ ወዲህ ነው። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል የምትጥል፣ ራሷ ታቅፋ ራሷ የምታሳድግ ስትሆን፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣው ኮይኮክ፣ ከፈረንሳይ የመጣው ሳሶ ወይም ከኔዘርላንድስ የመጣው ቦቫንስ ብራውን በእንቁላል ብዛት ወይም በሥጋ ይበልጧታል፤ በተለይ ለእንቁላል ተብለው የተዳቀሉት ዝርያዎች ግን የማቀፍ ጠባያቸው በምርጫ እርባታ እንዲጠፋ ስለተደረገ ጫጩት የሚያሳድጉ እናቶች አይደሉም። ስለዚህ ገበያው ጫጩትን በዕድሜ ከፍሎ ይሸጣል፤ የአንድ ቀን ጫጩት የሚባለው ገና ከመፈልፈያው የወጣና በሆዱ በቀረው አስኳል ሁለት ቀን ያህል ሊቆይ የሚችል ሲሆን፣ የ45 ቀን ጫጩት የሚባለው በአሳዳጊዎች እጅ የሙቀት ጊዜውን ጨርሶ ክትባቱን የወሰደ ነው፤ እንቁላል ለመጣል የተቃረበችው ደግሞ ቄብ ትባላለች። 45 የሚለው ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም፤ ጫጩት ለስላሳ ጸጉሩን ጥሎ እውነተኛ ላባ የሚለብሰው በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ስለሆነ፣ ያለ ማሞቂያ ሌሊቱን የሚችልበት ዕድሜ መጀመሪያ ነው።

የአንድ ቀን ጫጩት የገዛ ሰው እስከዚያ ዕድሜ ድረስ የእናት ዶሮን የክንፍ ሥራ በማቀፊያ መተካት አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቱ ካለበት ወለል ላይ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ከዚያም በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየተቀነሰ ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ከቴርሞሜትር ይልቅ የሚታመነው የጫጩቱ አኳኋን ነው፤ ተቃቅፈው የሚጮኹ ከሆነ በርዷቸዋል፣ ከማሞቂያው ሸሽተው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፣ በወለሉ ላይ እኩል ተበትነው የሚለቅሙ ከሆነ ግን ሙቀቱ ልክ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ጠቃሚ የሆነው የሣር ሣጥን የተባለው ማቀፊያ ሲሆን፣ በጅማ የግብርና ትምህርት ተቋም የተጠናና በአገሪቱ የተዋወቀ ነው። ይህ መሣሪያ በግድግዳዎቹ መካከልና በክዳኑ ላይ ደረቅ ሣር ወይም ጭድ የታጨቀበት ሣጥንና ከእሱ ጋር የተያያዘ በሽቦ የታጠረ መዋያ ያለው ሲሆን፣ ኤሌክትሪክም ነጭ ጋዝም ሳይፈልግ ከጫጩቶቹ ገላ የሚወጣውን ሙቀት ይዞ በማቆየት ያሞቃቸዋል። የሚሠራው ግን ጫጩቶቹ በርከት ብለው፣ ለምሳሌ እስከ 50 ሆነው፣ ሲታቀፉ ነው፤ አምስት ጫጩት ሣጥኑን ሊያሞቀው አይችልም።

የዋናው ቤት ግንባታ ከመሬቱ ይጀምራል። ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ደግሞ አይጥ የሚደበቅበት ስንጥቅ ይከፍታል፤ ስለዚህ ቤቱን በቀጥታ መሬት ላይ ከመትከል ይልቅ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ባሉ እግሮች ላይ ማቆም ይመረጣል። እግሮቹ ከባህር ዛፍ አጠና ሊሠሩ ይችላሉ፤ ምስጥ እንዳይበላቸውና አፈሩ ሲያብጥ እንዳይነቅላቸው በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ ይቆማሉ፣ አይጥ እንዳይወጣባቸውም ወገባቸው በተቆለመመ ቆርቆሮ ይታሰራል። በቤቱ ዙሪያ የሚቆፈር ትንሽ ቦይ የዝናቡን ውሃ ያርቃል።

የአቅጣጫው ጉዳይ በደጋና በቆላ ይለያያል። በቆላ ቤቱ ከፀሐይ ይሸሸጋል፤ በአዲስ አበባ ግን ፀሐይ ትፈለጋለች። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ፀሐይም በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ፣ ምሥራቁን ግድግዳ ዘግቶ የሽቦውን ገጽ ወደ ደቡብ መክፈት ብርዱን ከልክሎ ብርሃኑን ያስገባል፤ በክረምት የሚነፍሰውን ዝናብ ደግሞ ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍና ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ተጠቅላይ መጋረጃ ይመክታሉ። መጋረጃው ከታች ወደ ላይ እንዲዘጋና ጫፉ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት እንዲቀር ያስፈልጋል፤ ከኩስ የሚወጣው አሞኒያ የተባለው ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ መውጫ ካላገኘ፣ ከብርዱ የዳነው ዶሮ በመተንፈሻ በሽታ ይያዛልና። ቆርቆሮ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝና የዶሮዎቹ ትንፋሽ ከሥሩ እየረጋ ስለሚንጠባጠብ፣ ከቆርቆሮው በታች ከሸምበቆ ወይም ከከረጢት ቀለል ያለ ኮርኒስ መዘርጋት ይበጃል።

የውስጡ ስፋት በአንድ ካሬ ሜትር አምስት ትልልቅ ዶሮዎች ተብሎ ቢታሰብ፣ 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቤት 20 ዶሮ ይይዛል። በወለሉ ላይ የሚነጠፈው ጉዝጓዝ ሰጋቱራ ወይም የተቆራረጠ ጭድ ሲሆን፣ በእጅ ተጨብጦ ሲለቀቅ የሚበተን ከሆነ ደረቅ ነው፤ እንደ ሊጥ ከተጣበቀ ግን መለወጥ አለበት። ለአራት ወይም ለአምስት ዶሮ አንድ የመጣያ ሣጥን ይበቃል። ቆጥ፣ ማለትም ዶሮ ተፈናጣ የምታድርበት አግዳሚ እንጨት፣ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት የሚያስታውሰው በቤት ውስጥ ከፍ ብሎ የሚሰቀለውን ቆጥ ሲሆን፣ ዶሮም ከፍታን የምትወደው ከአውሬ ለመራቅ ነው። በገበያ የዶሮ ሽቦ የሚባለው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ አይጥ እንዳይገባ አይከለክልም፤ ስለዚህ ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ጣት የማያሳልፍ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ይደረባል፣ በሩም ሸለምጥማጥ በጥፍሩ ሊከፍተው በማይችል መሸጎሪያ ይዘጋል።

ከማቀፊያ ወደዚህ ቤት የሚደረገው ሽግግር በአንድ ቀን የሚፈጸም አይደለም። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ፀሐይ በምትሞቅበት እኩለ ቀን ጫጩቶቹን ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ቀጥሎም ላቅ ላለ ጊዜ፣ ጣሪያው በሽቦ በተሸፈነ መዋያ ማውጣት ሰውነታቸውን ያለማምዳል፤ በስድስተኛው ሳምንት መጀመሪያ ማሞቂያው ቀን ቀን፣ በኋላም ሌሊት ይጠፋል፤ ያለ ማሞቂያ ጥቂት ሌሊት በደህና ካደሩ በኋላም ወደ ደጁ ቤት ይዛወራሉ። ዝውውሩ በጠዋት ቢሆን ከመምሸቱ በፊት መኖና ውሃ ያሉበትን ያውቃሉ። ጫጩት ሲበርደው ወይም ሲደነግጥ ጥግ ላይ ስለሚከማችና ከሥር ያሉት ስለሚታፈኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የቤቱ አራት ማዕዘኖች በጭድ ተሞልተው ክብ እንዲሆኑ ይደረጋል። ከዚያም ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይለቀቁ ይቆያሉ፤ ይህም ሲመሽ የሚመለሱበትን ቤት እንዲለዩ ያደርጋቸዋል። በክረምት ወይም በታኅሣሥ ብርድ የሚዛወሩ ከሆነ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት መጨመር ማስተዋል ነው።

እናት ዶሮ ልትከላከለው የማትችለው አንድ ጠላት በሽታ ነው። ፈንግል የተባለው በቫይረስ የሚመጣ በሽታ ያልተከተበን መንጋ በጥቂት ቀናት ሊጨርስ ስለሚችል፣ ጫጩቱ ደጅ ከመውጣቱ በፊት መከተቡ መረጋገጥ አለበት። ክትባቱ በቢሾፍቱ የሚመረት ሲሆን፣ አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተበጠበጠ በኋላ የማይቆይ በመሆኑ ጎረቤታሞች አንድ ቀን ቀጥረው ቢያስከትቡ ይጠቀማሉ፤ በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ሲሆንም የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስለሚገድለው ከክሎሪን ነጻ የሆነ ውሃ ያስፈልጋል። በእርጥብ ጉዝጓዝ የሚራባውና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ኮክሲዲዮሲስ ደግሞ በዋናነት የሚመከተው በደረቅ ወለል ነው። ለበዓል ተገዝቶ የመጣ ዶሮ ከጫጩቶች ጋር በፍጹም መቀላቀል የለበትም፤ ጤነኛ መስሎ በሽታ ሊያስገባ ይችላልና።

እነዚህ ሁሉ በተሟሉበት ቤት አንድ ምሽት ላይ፣ ማንም ሳያነሣቸውና ሳይገፋቸው፣ ጫጩቶቹ ራሳቸው ከጉዝጓዙ ተነሥተው ወደ ቆጡ መውጣት ይጀምራሉ። ሣሩ፣ ሽቦው፣ ግድግዳውና የአሳዳጊው ትዕግሥት ተባብረው የእናቲቱን የመጨረሻ ትምህርት ማስተማራቸው የሚታወቀው በዚያ ምሽት ነው።