አህያዋን ያንጠለጠለው ጋሪ እና የውድድር መኪናው ተሳቢ

ከኋላ በኩል አብዝቶ የተጫነ ጋሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭነቱ ወደ ኋላ ሲያዘነብል የጋሪው ዘንግ ሽቅብ ይነሣል፤ ምስኪኗ አህያም እግሯ መሬት ለቆ አየር ላይ ትንጠለጠላለች። መንገደኛው ይስቃል፣ ባለጋሪው ይሳደባል፣ ጆንያው ይወርዳል። አህያዋን ያንጠለጠላት ግን የጭነቱ ብዛት ብቻ አይደለም። ያንኑ ጭነት ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ብትገፉት ኖሮ በሰላም ትጎትተው ነበር።

ዛሬ የምናየው ይህንኑ የጋሪ ነገር ነው፤ ጭነቱ ግን ጤፍ ሳይሆን የውድድር መኪና ይሆናል።

እስቲ አስቡት። ምሥራቅ ጎጃም፣ ጉንደ ወይን ላይ አንድ ብየዳ የሚያውቅ ወጣት አሮጌ ላዳ ገዝቶ ወንበሩን አውጥቶ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ለውድድር አዘጋጀው እንበል። ውድድሩ ያለው አዲስ አበባ ነው። መኪናው መሬት ለመሬት ዝቅ ያለ ነው፣ ጎማው ለአስፋልት ጉድጓድ አልተሠራም፣ ድምፁም ጆሮ ይበጥሳል። እየነዱት ቢቸና፣ ደጀን፣ አባይ በረሃ፣ ጎሐ ጽዮን እያሉ መሄድ አይታሰብም። መጫን አለበት። ሎቤድ ለመከራየት ደግሞ ኪስ አይፈቅድም። ስለዚህ ልጁ ተሳቢ ራሱ ሊሠራ ተነሣ። ጥያቄው፦ መኪናውን ያለ ክሬን፣ ያለ ብዙ ሰው፣ እንዴት አድርጎ ይጭነዋል?

ለምን ያዘነብላል?

ቀላሉ ዘዴ ሁለት ሳንቃ ከተሳቢው ጫፍ እስከ መሬት አስደግፎ መኪናውን በዚያ ላይ መንዳት ነው። እንሥራው። የተሳቢው ወለል ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ሳንቃው 1 ሜትር ነው። ላዳ ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ተዳፋት ላይ ዕቃ ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ከፍታው ለርዝመቱ ሲካፈል የሚገኘው ክፍልፋይ ነው፤ 50 ለ100፣ ማለትም ግማሽ። 500 ኪሎ የማንሳት ያህል ኃይል መሆኑ ነው! በዚያ ላይ ዝቅ ያለው መኪና ከሳንቃው ወደ ወለሉ ሲሻገር ሆዱ ጠርዙ ላይ ይቀመጥና ይፋቃል።

አሁን ሳንቃውን እንተወውና ወለሉን ራሱን እናዘንብለው። ወለሉ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ መሐሉ ላይ በፐርኖ የሚዞር ይሁን። የኋላ ጫፉ ወርዶ መሬት ሲነካ 2 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት አገኘን ማለት ነው። 50 ሴንቲ ለ200 ሴንቲ፤ አንድ አራተኛ። የሚያስፈልገው ኃይል ወደ 250 ኪሎ ወረደ። ሆዱን የሚፍቅ ጠርዝም የለም፣ ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው። ገመዱን በፑሊ አራት ጊዜ ካጠፍነው ደግሞ በእጅ የምንጎትተው 65 ኪሎ ገደማ ይሆናል። በነጻ የሚሰጥ ነገር ግን የለም፤ መኪናው 1 ሜትር እንዲሄድ 4 ሜትር ገመድ መሳብ አለብን። ኃይሉን ቀነስን፣ ርቀቱን ከፈልን።

ወለሉ ራሱ ይወርዳል

የዚህ ተሳቢ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ልጆች ድንጋይ ላይ ሳንቃ አጋድመው ከሁለት ጫፍ ተቀምጠው ሲጫወቱ አይታችኋል። ከባዱ ልጅ ወደ መሐል ከተጠጋ ቀላሉ ልጅ ያነሣዋል። አርኪሜድስ የሚባለው የግሪክ ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ሕግ በሒሳብ አስቀምጦታል፦ ክብደት ሲባዛ ከመዞሪያው ያለው ርቀት። ውጤቱ ቶርክ የምንለው የማዞር ኃይል ነው።

ላዳው ተዳፋቱን እየወጣ ሲሄድ ክብደቱ በሙሉ እንደተሰበሰበበት የሚቆጠር አንድ ነጥብ አለው፤ የስበት ማዕከል ይባላል። ይህ ነጥብ ከፐርኖው ኋላ እስካለ ድረስ ወለሉ እንደዘነበለ ይቆያል። ነጥቡ ፐርኖውን አልፎ ወደ ፊት ሲሻገር ግን ወለሉ ራሱን ችሎ ወደ ፊት ይወርዳል። ከዚያ የፊቱን መቆለፊያ መዝጋት ብቻ ነው። መኪናው ራሱን ጫነ በሉት!

የስበት ማዕከሉ የት እንደሆነስ በምን ይታወቃል? በሚዛን። የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላዎቹን ብቻ መዝኑ። ፊቱ 550፣ ኋላው 450 ኪሎ ከሆነና በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2.42 ሜትር ካለ፣ ነጥቡ ከፊት ጎማው 0.45 ሲባዛ 2.42፣ ማለትም 1.09 ሜትር ላይ ነው። በኖራ ምልክት አድርጉበት።

ታዲያ ለምን ይደነብራል?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ወለሉ ቀስ ብሎ አይወርድም፤ ጓ! ብሎ ነው የሚወድቀው። ለምን መሰላችሁ? የስበት ማዕከሉ ወለሉ ላይ አልተኛም፤ ከወለሉ በላይ ነው፣ 40 ሴንቲ ሜትር እንበል። ወለሉ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ይህ ከፍ ያለ ነጥብም አብሮ ወደ ኋላ ይጋደላል፤ በእኛ ተሳቢ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር። ስለዚህ መኪናው ልክ ፐርኖው ጋ ሲደርስ ምንም አይሆንም። ተጨማሪ 10 ሴንቲ ሲሄድ ነው ሚዛኑ የሚያልቀው። ከዚያ ወለሉ መውረድ ሲጀምር ያ የተጋደለ ነጥብ ቀጥ እያለ፣ ወደ ፊት እየሄደ ይመጣል። ወደ ፊት በሄደ ቁጥር የማዞር ኃይሉ ይጨምራል፤ ኃይሉ በጨመረ ቁጥር ወለሉ ይፈጥናል። ከዜሮ ተነሥቶ ወለሉ ሲተኛ የፊት ጫፉን በ50 ኪሎ ያህል ክብደት ይጫነዋል። እግር ከሥሩ ካለ አለቀለት።

መፍትሔው እንደ መኪና አሞርዛተር ያለ፣ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ እንቅስቃሴውን የሚያዘገይ ሲሊንደር ከወለሉ ሥር መግጠም ነው። ዘይቱ በቀዳዳው ቶሎ ማለፍ ስለማይችል ወለሉ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ሁለተኛው ጥንቃቄ ደግሞ ገመዱ እስከ መጨረሻው ከመኪናው ላይ አለመፈታቱ ነው። ሲወርድም ነገሩ ያው ነው፤ አንዴ ማዘንበል ከጀመረ ራሱን ያፋጥናል። ስለዚህ ከመኪናው ኋላ ሰው አይቆምም፣ የሚጎትተው መኪና ጎማ ሥርም ታኮ ይገባል።

ሠላሳ ሴንቲ ሜትር

ወደ አህያዋ እንመለስ። ተሳቢ ከጎታቹ መኪና ጋር የሚገናኘው በጋንቾ ነው፤ ጋንቾው ማለት አህያዋ ናት። ጭነቱ ከተሳቢው ጎማ ኋላ ካዘነበለ ጋንቾው ሽቅብ ይነሣል፣ የጎታቹ መኪና የኋላ ጎማዎችም መሬት መቆንጠጥ ይሳናቸዋል። ጭነቱ በጣም ወደ ፊት ከሄደ ደግሞ የመኪናው ቂጥ ይወርድና የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፤ መሪ አልታዘዝ ይላል። የተለመደው መመሪያ ከጠቅላላው ክብደት አንድ አሥረኛ ገደማ ጋንቾው ላይ ይረፍ የሚል ነው።

እናስላው። ላዳው 1,000፣ ተሳቢው 500፣ ድምሩ 1,500 ኪሎ። ከጎማው እስከ ጋንቾው 3 ሜትር ቢሆን፣ ጋንቾው ላይ 150 ኪሎ እንዲያርፍ የጋራ የስበት ማዕከሉ ከጎማው 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት መሆን አለበት፤ 1,500 ሲባዛ 0.3 እኩል ይሆናል 150 ሲባዛ 3። አያችሁ? ፐርኖውን ልክ ከጎማው በላይ ካደረግነው ያቺው 30 ሴንቲ ሁለት ሥራ ትሠራለች፦ ወለሉን ተኝቶ እንዲቆይ ትጫነዋለች፣ ጋንቾውንም በልኩ ትጫነዋለች። መኪናው የት መቆም እንዳለበት ለማወቅ የጎማ ማቆሚያ ብረት ወለሉ ላይ መበየድ ነው።

ይህን የናቀ ሰው መንገድ ላይ ምን ያገኘዋል? ጦር አስቡ። ብረቱ ከፊት ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይበርራል። ገልብጣችሁ እንጨቱን ከፊት አድርጋችሁ ብትወረውሩት ይወላገዳል። ክብደቱ ከኋላ የሆነ ተሳቢም እንደዚያው ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር ቂጡን ግራና ቀኝ መወርወር ይጀምራል፣ ውርወራው እየሰፋ ሄዶ ጎታቹን ጭምር ሊገለብጠው ይችላል። በዚህ ጊዜ መሪ ማወዛወዝም ፍሬን በድንገት መርገጥም ያብሳል፤ እግርን ከነዳጅ ላይ ቀስ ብሎ ማንሳት ነው የሚያዋጣው።

አባይ በረሃ ይጠብቃል

ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 1,500 ኪሎ ግራም ያለው ተሳቢ ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 1,500 ሲባዛ 9.8 ሲባዛ 1,300፣ ወደ 19 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ስንት ነው? 65 ሊትር ውኃ ከ20 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ ያሞቃል። ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ይተርፋል። የተሳቢው ብቻ ነው እንግዲህ፤ የጎታቹ መኪና ሌላ ነው።

ያ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። በፍሬን ብቻ ከወረዳችሁ ፍሬኑ ውስጥ ይገባል፤ ፍሬኑ ሲግል መያዝ ይተዋል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሾፌሮች ዳገቱን በሚወጡበት ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱንም የሚወርዱት፤ ሞተሩ ያን ጉልበት እየዋጠ በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ይበትነዋል። ለእኛ ልጅ ትርጉሙ ግልጽ ነው፦ የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ጉንደ ወይን ገበያ ዙሪያ ቢያገለግል እንኳ ለአባይ በረሃ አይሆንም። ፍሬን፣ የኋላ መብራት፣ ጋንቾው ቢላቀቅ የሚይዝ ሰንሰለት ያስፈልገዋል። መንገድ ከመውጣቱ በፊትም ብየዳውን የሚያውቅ ባለሙያ ይየው፣ ምርመራና ሰሌዳም ያግኝ።

እናንተም ሞክሩት

ተሳቢ ለመሥራት ባትደርሱም ሕጉን ጠረጴዛ ላይ ማየት ትችላላችሁ። የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ እርሳስና የክብሪት ሳጥን አምጡ። እርሳሱን እንዳይንከባለል በፕላስተር ያዙት፣ ማስመሪያውን መሐሉ ላይ አጋድሙት። የክብሪት ሳጥኑን አስተኝታችሁ ከወረደው ጫፍ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ግፉት። ማስመሪያው ቀጭ ብሎ ሲገለበጥ ቁጥሩን ጻፉ። አሁን ወደ ኋላ መልሱት፤ ሲገለበጥ ቁጥሩን ጻፉ። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አይደሉም! ከዚያ ሳጥኑን አቁማችሁ ድገሙት። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ሰፋ ወይስ ጠበበ? ላዳው ለምን ጓ! ብሎ እንደወደቀ መልሱ እዚያ ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ጋሪ ሲጫን ካያችሁ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ ባለጋሪው ጆንያውን የት እንደሚያስቀምጥ ተመልከቱ። ቶርክ የሚለውን ቃል ሰምቶት ላያውቅ ይችላል፤ አህያው ግን መሬት ላይ ቆማለች።