ሁዋንግ ሁዋ፦ በቤጂንግና በዋሽንግተን መካከል የቆሙ መልእክተኛ

ከሃያኛው ክፍለ ዘመን የቻይና ዲፕሎማቶች መካከል ሁዋንግ ሁዋ በሥልጣንም ሆነ በዝና ከጠቅላይ ሚኒስትር ቹ ኤን ላይ በእጅጉ ያነሱ ቢሆኑም፣ አገራቸው ከአሜሪካ ጋር ለመነጋገር በሞከረች ቁጥር፣ ሙከራው ቢሠምርም ቢከሽፍም፣ ከስፍራው የማይታጡ ሰው ነበሩ። በኮሚኒስት ፓርቲው ሥርዓት ዲፕሎማት ፖሊሲ አያወጣም፤ የተሰጠውን ቃል ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያደርሳል። ሁዋንግ ሁዋን ልዩ የሚያደርጋቸው ቃሉ የሚደርሳቸውን ሰዎች ከወጣትነታቸው ጀምሮ በቅርብ ማወቃቸው ነው።

በ1913 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሄቤይ ክፍለ ሀገር የተወለዱት ሁዋንግ ሁዋ ትክክለኛ ስማቸው ዋንግ ሩሜይ ሲሆን፣ የተማሩትም የአሜሪካ ሚሲዮናውያን ባቋቋሙትና በጆን ሌይተን ስቱዋርት በሚመራው የየንቺንግ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1936 አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድጋር ስኖው በሰሜን ምዕራብ ቻይና ወደሚገኘው የኮሚኒስቶች ምሽግ ሲዘልቅ፣ ሁዋንግ ሁዋ ትምህርታቸውን ትተው በአስተርጓሚነት ተከተሉት፤ ማኦ ዜዱንግን ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው የስኖው መጽሐፍ የተወለደውም ከዚህ ጉዞ ነው።

በአፕሪል 1949 የማኦ ጦር የብሔርተኞቹን መዲና ናንጂንግን ሲይዝ፣ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት እነዚያው ስቱዋርት ከተማዋን ሳይለቁ ቀሩ። ፓርቲው የናንጂንግን የውጭ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እንዲመሩ የላከው የስቱዋርትን የቀድሞ ተማሪ መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ሊባል አይችልም። አዲሱ አስተዳደር ለስቱዋርት የአምባሳደርነት ዕውቅና ስላልሰጠ፣ በሜይ የተጀመረው ንግግር የመምህርና የተማሪ ጭውውት መልክ እንዲይዝ ተደረገ። ስቱዋርት ጁን 24 ቀን የሚውለውን ልደታቸውን በቤጂንጉ የንቺንግ ማሳለፍ ለምደው ነበርና፣ ወደ ሰሜን የሚያደርጉት ጉዞ እንደ ተለመደው የልደት ጉብኝት እንዲታይ፣ በዚያውም ከፓርቲው መሪዎች ጋር እንዲገናኙ ታሰበ። ዋሽንግተን ግን ከለከለች፤ ስቱዋርትም በኦገስት መጀመሪያ ቻይናን ለቀው ሄዱ። እርግጥ ነው፣ ማኦ በዚያው ሰሞን ወደ ሶቭየት ኅብረት ማዘንበላቸውን በይፋ ስላወጁ፣ ጉዞው ቢፈቀድም ብዙ ይለውጥ ነበር ማለት ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ሁዋንግ ሁዋ በ1953 በኮሪያዋ ፓንሙንጆም ከአሜሪካኖች ጋር ተደራድረው ንግግሩ ያለ ውጤት ተቋረጠ፤ ከ1960 ጀምሮ ደግሞ በጋና አምባሳደር ሆኑ። በጃንዋሪ 1964 ቹ ኤን ላይ አክራ ሊገቡ ጥቂት ቀናት ሲቀሯቸው በፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማህ ላይ የግድያ ሙከራ ቢደረግም ጉብኝቱ አልተሰረዘም፤ ቻይና ለታዳጊ አገሮች የምትሰጠው ዕርዳታ የሚመራባቸውን ስምንት መርሆዎች ቹ ኤን ላይ ይፋ ያደረጉትም በዚሁ ጉብኝት ነው። ማኦ በገዛ ፓርቲያቸው ሹማምንት ላይ ወጣቶችን ያስነሡበት የባህል አብዮት ሲፋፋም የቻይና አምባሳደሮች አንድ በአንድ ወደ አገራቸው ተጠርተው፣ በሥራ ገበታቸው የቀሩት ከጋና በኋላ በካይሮ አምባሳደር የነበሩት ሁዋንግ ሁዋ ብቻ ነበሩ። እሳቸውም ቢሆኑ በ1969 ተጠርተው፣ ሹማምንት በጉልበት ሥራ እንዲታነጹ ይላኩበት ወደነበረው ገጠር ወርደዋል።

በጁላይ 1971 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን አማካሪ ሄንሪ ኪሲንጀር በምስጢር ቤጂንግ ሲገቡ የፕሬዚዳንቱን መጪ ጉብኝት የሚያስታውቀውን የጋራ መግለጫ ቃላት አብረዋቸው ካረቀቁት ቻይናውያን አንዱ ሁዋንግ ሁዋ ነበሩ። በኦክቶበር የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የቻይናን መቀመጫ ከታይዋን ወስዶ ለቤጂንግ ሲሰጥ፣ በኒውዮርክ የመጀመሪያው ቋሚ መልእክተኛ፣ ማለትም በድርጅቱ ዘንድ የአገራቸው አምባሳደር ሆኑ። የጸጥታው ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ፣ በጥር 1964 ዓ.ም. በራሳችን አቆጣጠር ሲሰበሰብ ቻይናን የወከሉት እሳቸው ነበሩ። ከዚያም በስዊዘርላንድ በካንሰር ሕመም አልጋ ላይ የነበረውን ስኖውን ሊጠይቁ ሄዱ። ስኖው ያረፈው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤጂንግ ከመግባታቸው ስድስት ቀን ቀደም ብሎ ነው።

ሁዋንግ ሁዋ ከ1976 እስከ 1982 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ከጃፓን ጋር የሰላምና የወዳጅነት ውል ፈረሙ፤ ከአሜሪካም ጋር ሙሉ ግንኙነት የተመሠረተው በዘመናቸው ነው። በኖቬምበር 1982 በሶቭየት ኅብረቱ መሪ በብሬዥኔቭ ቀብር ላይ ለመገኘት ሞስኮ ደርሰው እንደተመለሱ ሥልጣኑን ለዉ ሹዌቺያን አስረከቡ። ያረፉት በ2010፣ በ97 ዓመታቸው ነው።

ከሥራቸው ሁሉ ዘላቂ ውጤት ያስከተለው ግን በማርች 1972 ለተባበሩት መንግሥታት የቅኝ ግዛት ጉዳዮች ኮሚቴ የጻፉት አጭር ደብዳቤ ሳይሆን አይቀርም። ደብዳቤው ሆንግ ኮንግና ማካው በቻይና ላይ በግድ በተጫኑ ውሎች የተወሰዱ የቻይና ግዛቶች እንጂ ቅኝ ግዛቶች ስላልሆኑ ኮሚቴው ከያዘው የቅኝ ግዛቶች ዝርዝር ይሰረዙ የሚል ነበር። በዝርዝሩ ላይ መቆየት ነፃነት የመጠየቅ መብትን ያስከትል ስለነበር፣ በዚያው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤው ስረዛውን ሲያጸድቅ ይህ መንገድ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የሆንግ ኮንግ ዕጣ በለንደንና በቤጂንግ፣ የማካውም በሊዝበንና በቤጂንግ መካከል ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ ሆነ፤ ሆንግ ኮንግ በ1997፣ ማካው በ1999 ለቻይና ሲመለሱ ነዋሪዎቻቸው በድርድሩ ገበታ የራሳቸው ወንበር አልነበራቸውም።