እፉኝት የሚመርጠው ስፍራ

መምህር ተማሪዎቹን «እባብ ወዴት ይኖራል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ የሚበዙት «በበረሃ» ብለው ይመልሱለታል። ይህ መልስ ከፊሉ እውነት ቢሆንም ለጤና ጥበቃ አይበቃም። ስለዚህ በአገራችን ካሉት መርዛም እባቦች አንዱ የሆነው እፉኝት የሚመርጠውን ስፍራ ከዚህ ቀጥሎ እንገልጻለን።

እፉኝት ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር በብዙ ስፍራ ይገኛል። የሚስማማው ሣርና ቍጥቋጦ ያለበት አገር ነው፤ ምንም በማይበቅልበት ምድረ በዳና ብርድ በጸናበት ተራራ ግን አይኖርም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ደግሞ በአገራችን ብቻ የሚገኝ ሌላ ዘመድ አለው፤ ሊቃውንት ስም የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው።

እፉኝት ስፍራ ሲመርጥ ሦስት ነገር ይሻል፤ ይኸውም ለምግቡ አይጥ፥ ለመሸሸጊያው ደረቅ ሣርና ድንጋይ፥ ለሰውነቱ ሙቀት ፀሐይ ነው። እነዚህ ሦስቱ በቤታችን ዙሪያ ከተገኙ በረሃ አያስፈልገውም። ከጎተራ ሥር የፈሰሰ እህል አይጥን ይጠራል፤ አይጥም እፉኝትን ይጠራል። ያልታጨደ ሣር፥ የተከመረ ማገዶና የፈረሰ ካብ ማደሪያ ይሆኑታል። እንግዲህ ብዙ ጊዜ የጋበዝነው እኛው ነን።

በአሜሪካ ምድር ብቻ የሚኖር፥ ሲቆጣ ጅራቱን እንደ ጸናጽል የሚያንሿሿ እባብ አለ። የእኛው እፉኝት ግን ጸናጽል የለውም። ሲቆጣ እንደ ወናፍ ተነፍቶ ድምፅ ቢያሰማም፥ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይተኛል። መልኩ ደረቅ ቅጠል ስለሚመስል፥ የሰው ኮቴ ሲቀርብም ስለማይሸሽ፥ በባዶ እግሩ በማታ የሚሄድ ሰው ሳያየው ይረግጠዋል።

መርዙ ሥጋን ያሳብጣል፤ ያበሰብሳልም። ስለዚህ የተነደፈውን እግር በገመድ ጠፍሮ ማሰር፥ በምላጭ መብጣት ወይም በአፍ መምጠጥ ጉዳቱን ያብሳል እንጂ አያድንም። የሚገባው ቀለበትና አምባርን ማውለቅ፥ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ እንዳይንቀሳቀስ በእንጨት መደገፍ፥ ሕመምተኛውንም በቃሬዛ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 የእባብ ንድፊያን ቸል ከተባሉት የሐሩር አገር በሽታዎች ጋር ቈጥሮታል። በዓለም በየዓመቱ ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው እንደሚሞትበትም ይገምታል።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፥ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ የትምህርት ቤቱን ግቢ ዙሩ፤ ሣሩን አሳጭዱ፥ የፈረሰውን ካብ አስጠግኑ። የቤት ባለቤቶችም ጎተራችሁን ከመሬት ከፍ አድርጉ፤ ማገዶውን ከደጃፍ አርቁ፤ ማታ ስትወጡ ጫማ አድርጉ፥ መብራትም ያዙ። ልጆችም እጃቸውን ከድንጋይ ሥር እንዳያስገቡ አስተምሯቸው። እፉኝት የሚበላውና የሚሸሸግበት ካጣ፥ ሳናባርረው ራሱ ይርቃልና።